የአዳማው የታዳጊዎች ቤት ነጥብ ከአምስት፦ ግድግዳው 4፣ ክፍሎቹ 5፣ ሌሊቱ 2

ይህ ግምገማ አዳማ ውስጥ በሦስት እድሮች መዋጮና በሰፈሩ ሰው ጉልበት፣ ጎዳና ላይ ይኖሩ ለነበሩ 12 ታዳጊዎች የተሠራ ቤትን ይመለከታል። የቤቱን ስምም ሰፈሩንም ሆን ብለን አንጠቅስም፤ ልጆቹን ጎዳና ላይ ሲያንገላቱ የነበሩ ሰዎች አድራሻውን ማወቅ የለባቸውም። ተመሳሳይ ቤት ለመሥራት ለተነሣችሁ እድሮች፣ ማኅበራት፣ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች ግን ከዚህ ቤት የሚቀዳ ብዙ ነገር አለ። መቀዳት የሌለበትም አለ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ግንባታው ከአምስት አራት ነጥብ ያገኛል። የክፍሎቹ አከፋፈል ሙሉ 5 ነው፤ በትልቅ ገንዘብ በተሠሩ ተቋማት እንኳ እንዲህ የታሰበበት አከፋፈል አይገኝም። የሌሊት ክትትሉ ግን ከ2 አይዘልም። ሰፈሩ ብሎኬት ለመግዛት የተረባረበውን ያህል ለሠራተኛ ደመወዝ አልተረባረበም፤ ቤቱን ሊያፈርሰው የሚችለው ይኸው ነው።

ቦታው በደንብ ተመርጧል። በነፃ የሚሰጥ መሬት አብዛኛውን ጊዜ ከከተማው ጫፍ ነው፤ ታዳጊው ግን የሊስትሮ ሳጥኑም፣ የታክሲ ረዳትነቱም፣ ጓደኞቹም መሀል ከተማ ናቸው። ዳር ላይ የተሠራ ቤት በሁለት ወር ውስጥ ባዶውን ይቀራል። ይህኛው ከትምህርት ቤት የአሥር ደቂቃ፣ ከመናኸሪያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ለመናኸሪያ ከዚህ በላይ አለመቅረቡም ጥሩ ነው። ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ 60 ሳንቲም ስፋት ያለው ቦይ ከመሠረቱ ቁፋሮ በፊት መቆፈሩም ሊመሰገን ይገባል። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዳገቱ የሚወርደው ውኃ መሠረት ሥር ከገባ ሙሌቱን ይዞት ይሄዳል።

ስለ ዋጋ አንጽፍም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍነው በሚቀጥለው ወር ያሳስታችኋል። መጠኑን ግን ያዙት። ባለ 20 ይሁን ባለ 15 ሳንቲም ብሎኬት፣ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ብሎኬት ተኩል ይበላል፤ ስብርባሪውን ጨምራችሁ 13 ብላችሁ አስቡ። ይህ ቤት 260 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ስላለው 3,400 ገደማ ብሎኬት ፈጅቷል። ለግሬድ ቢም (ከግድግዳው ሥር ላለው ማሰሪያ)፣ ለኮለን (ለምሰሶ) እና ለላይኛው ማሰሪያ ቢም 14 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሄዷል። በ1፣ 2፣ 3 ድብልቅ (አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር) አንድ ሜትር ኩብ ወደ 7 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ ድምሩ 98 ከረጢት፣ ማለትም 49 ኩንታል ነው። ግንብና ልስን በዚህ ውስጥ የለም።

ብሎኬቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በመዋጮ የሚሠራ ቤት መጀመሪያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአዳማ ዙሪያ ፑሚስ (ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና ቀይ አሽ በቅርብ ይገኛል። የፑሚስ ብሎኬት ቀላል ነው፣ ሙቀትም ቶሎ አያሳልፍም፤ ለአዳማ ፀሐይ ተስማሚ ነው። ችግሩ ፑሚስ ውኃ ይጠጣል። አምራቹ ከቅርጽ ማውጫው እንደወጣ ፀሐይ ላይ ደርድሮ ከተወው ሲሚንቶው ሳይጠነክር ውኃው ያልቃል፤ ብሎኬቱ ደርቆ ያማረ ይመስላል እንጂ ውስጡ አመድ ነው። ጥላ ሥር ሆኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ የጠጣ መሆኑን ጠይቁ፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን የማምረቻ ቦታውን ወለል እዩ፤ እርጥብ ካልሆነ መልሱ ውሸት ነው። ከዚያ ጠርዙን በሚስማር ጫሩት፤ ጥሩ ብሎኬት ላይ መስመር ብቻ ይቀራል፣ መጥፎው ይፈረፈራል። ሁለቱን አንሥታችሁ ስታጋጩ ድምፁ የሚጠራው ይሻላል፤ የታፈነ ድምፅ ያለው ያልጠነከረ ነው።

እዚህ ቤት ላይ ብሎኬቱ የመጣው ከሦስት የተለያዩ አምራቾች ነው፤ አንዱ ሰው 200፣ ሌላው 500 እያለ በስጦታ ሰጥቷል። ሰጪን መመለስ ነውር ስለሚመስል ብዙ ኮሚቴ የመጣውን ሁሉ ቀላቅሎ ይገነባል። የዚህ ቤት ፎርማን ግን ሦስቱን ክምር ለየብቻ አስቀምጦ፣ ጠንካራውን ለውጭ ግድግዳና ለማዕዘን፣ ደካማውን ጣሪያ ለማይሸከሙት የውስጥ ክፍልፋዮች አውሎታል። ማንም ሳይቀየም፣ ግድግዳውም ሳይሰነጠቅ። በስጦታ የመጣ ሲሚንቶም እንዲሁ ይለያል፦ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ጓል ያለው ለግንብ ይሆናል፤ ድንጋይ የሆነ ጓል ያለው ለኮንክሪት ፈጽሞ አይገባም።

ላይኛው ማሰሪያ ቢም በአራት ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮና በየ20 ሳንቲሙ በታሰረ ስታፋ (ፌሮዎቹን በሚያቅፍ የብረት ቀለበት) ቤቱን ዙሪያውን ይዞታል። ይህን ለማስቀረት የሚከራከር ሰው በየኮሚቴው አይጠፋም፤ "ባለ አንድ ፎቅ እንኳ ያልሆነ ቤት ምን ያደርግለታል" ይላል። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከላይ ያልታሰረ የብሎኬት ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ ማዕዘኑ ላይ ይላቀቅና ወደ ውጭ ይወድቃል። ይህን ብረት አትቆጥቡ።

ጣሪያው ነው ያሳዘነን። ማገሩ (ጣሪያውን የሚሸከመው እንጨት) እና ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት) ደህና ነው፤ ቆርቆሮውም ባለ 28 ጌጅ ስለሆነ በቀላሉ አይጎብጥም። ግን ቆርቆሮ ማልበሱ ለቅዳሜ በጎ ፈቃደኞች ተሰጥቶ ከግማሽ የማያንሰው ሚስማር የተመታው በቆርቆሮው ሸለቆ ላይ ነው። ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ውኃ የሚወርደው በሸለቆው ስለሆነ እዚያ የተበሳ ቀዳዳ የቱንም ያህል ጎማ ቢደረግለት ውሎ አድሮ ያፈሳል። አሁን ሁለት ክፍሎች ውስጥ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ እየሰፋ ነው። ሌላው ነፋሱ ነው። የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ አዳማ ላይ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጋ ላይ የሚነሣው ነፋስ ቆርቆሮ የሚያነሣው ከጠርዙ ጀምሮ ነው። ሞራሌ መሀል ላይ በ90 ሳንቲም ርቀት ቢሆን ጠርዝና ጉልላት ላይ ወደ 60 መጠጋት አለበት፤ የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው ከ60 ሳንቲም በላይ ባይወጣ ይመረጣል፤ የማገሩ እግር ደግሞ ቢሙ ሲሞላ አብሮ በተቀበረ ባለ 6 ፌሮ ተጠምዝዞ መታሰር አለበት። እዚህ የታሰረው በሚስማር ብቻ ነው። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ፌሮ ባይቀበርም የብረት ቅንፍ በቦልት ማሰር ይቻላል፤ የሁለት አናጺዎች የሦስት ቀን ሥራ ነው።

ክፍሎቹ ጋ ስንደርስ ግን ቤቱ ራሱን ያስከብራል። ስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ 3 በ3 ከግማሽ ሜትር፣ ሁለት ሁለት ልጅ። ብዙ ኮሚቴ በዚሁ ወለል ላይ አንድ አዳራሽ ሠርቶ በተደራራቢ አልጋ 24 ልጅ ማስገባት ይመርጣል፤ ለሪፖርትም ያምራል። ጎዳና ላይ ያደረ ልጅ ግን ሌሊት ማን አጠገቡ እንዳለ እያሰላ ነው የተኛው። አዳራሽ ውስጥ ትልቁ ትንሹን ያዝዘዋል፣ ጫማ ይሰረቃል፣ ጠብ ይነሣል፤ መጀመሪያ ለቅቆ የሚወጣው ደግሞ ቤቱ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ነው። እዚህ አልጋዎቹ የተቀመጡት ተኝቶ በሩን ማየት እንዲቻል ሆኖ ነው። የመብራት ማጥፊያው አልጋው አጠገብ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ከግድግዳ ጋር በቦልት የታሰረ የላሜራ ሳጥን ከነቁልፉ አለ። ሦስቱም ርካሽ ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱም በእቅድ ጊዜ ካልታሰቡ በኋላ አይጨመሩም።

የክፍሉ በር ቁልፍ ልጁ ጋ ነው፣ ትርፉ የቤቱ እናት ጋ። በሩ ላይ የተገጠመው ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ነው፤ ከውጭ የሚንጠለጠል ጓጉንቸር በምንም ምክንያት መኝታ በር ላይ አይግባ። እሳት ቢነሣ ልጁ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል፤ ተቆልፎበት የሚያውቅ ልጅም የጓጉንቸር ድምፅ ሲሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። በየክፍሉ መስኮት ላይ ያለው ፍርግርግ አንድ ክንፉ ከውስጥ ይከፈታል። ይህንንም ሌላ ቦታ አላየነውም።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ግምገማ አንብባችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ይሁን፦ ወለሉ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ምንጣፍ አይሁን። አዳማም ሆነ ሌላ ከተማ ጎዳና ላይ ያሉ ልጆች ረሃብንና ብርድን የሚረሱበት ነገር ማስቲሽ ነው። አዲስ የተለጠፈ ወለል ለሳምንታት የሚተነው ያው ሽታ ነው። ለመተው እየታገለ ያለን ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ አስተኝቶ "ጠንክር" ማለት ግፍ ነው። የዚህ ቤት ወለል ሊሾ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ በቀላሉ የሚታጠብ፣ ምንም የማይሸት። ቀለሙም በውኃ የሚበጠበጥ ነው። በግንባታው ጊዜ የአናጺው ማስቲሽና የብረት ቀለም ቲነር ማታ ማታ ከግቢ ወጥቶ በአንድ የእድር አባል ሱቅ ይቀመጥ ነበር፤ ከታዳጊዎቹ ጥቂቶቹ በሥራው ላይ ስለነበሩ ይህ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው።

ታዳጊዎቹ በግንባታው መሳተፋቸውን እንደግፋለን፤ ግን በልኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈርና የኤሌክትሪክ ሥራ ለእነሱ አይደለም። "ሙያ እየተማሩ ነው" ተብሎ ክፍያ ማስቀረትም ተገቢ አይደለም፤ እዚህ እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ተከፍሏቸዋል።

የደቦው ሥራ በአጠቃላይ በደንብ ተመርቷል። ቁፋሮ፣ ብሎኬት ማቀበል፣ ሙሌት መደልደል፣ አጥር ማጠርና ውኃ ማጠጣት የሰፈሩ ሰው ሠራው፤ ብረት ማሰር፣ ኮንክሪት መሙላትና የቧንቧ መስመር ባለሙያ ሠራው። መስመሩ የተጣሰው ጣሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ውጤቱን አይታችሁታል። ሰው የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ኮንክሪት ግን ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ሳይደርቅ ውኃ መጠጣት አለበት፣ በአዳማ ሙቀትም በቀን ሦስት ጊዜ። ይህን የፈታው በአጠገቡ ያሉ ሰባት ቤቶች በየተራ አንድ አንድ ቀን መያዛቸውና ኮለኑን እርጥብ ጆንያ ማልበሳቸው ነው። ድንኳን፣ አግዳሚና ትልልቅ ድስት ከእድሩ ዕቃ ቤት ስለመጣ ለኪራይ የወጣ ገንዘብ የለም።

መታጠቢያው ሦስት ነው፣ ለአራት ልጅ አንድ። በሩ ከላይም ከታችም ክፍተት የለውም፤ መቆለፊያው ከውስጥ ይዘጋል፣ አደጋ ቢኖር ከውጭ በሳንቲም ይከፈታል። ሴት ልጆች ለብቻቸው በሌላ ቤት ነው የሚኖሩት፤ ይህ ቤት የወንዶች ብቻ መሆኑን ኮሚቴው ከመጀመሪያው መወሰኑ ጥሩ ነው።

ውኃ ላይ ስሌቱ ልክ ነው፣ አቀማመጡ ግን ያሰጋል። 15 ሰው በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም 600 ሊትር ነው፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ውኃ ባይመጣ ስምንት ቀን ያቆያል። ግን የሞላ ባለ 5,000 ሮቶ 5 ቶን ይመዝናል፤ እዚህ የተቀመጠው ብሎኬት በተደረደረበት ማማ ላይ ነው። ከአሁኑ አንዱ ጥግ ተሰንጥቋል። ትልቁን መሬት ላይ በኮንክሪት ወለል አስቀምጦ፣ ባለ 1,000 ትንሽ ሮቶ ብቻ በብረት ማማ ላይ ማውጣትና በፓምፕ መሙላት ነበር መፍትሔው። የከተማውን ቧንቧ ትታችሁ የራሳችሁን ጉድጓድ ለማስቆፈር የምታስቡ ደግሞ ከመጠጣታችሁ በፊት ፍሎራይድ አስመርምሩ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይዱ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ከሊትር 1.5 ሚሊግራም ያልፋል፤ የወንጂ አካባቢ ሰው ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ከዚሁ የመጣ ነው። ማፍላት አያወጣውም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጠነክራል።

ወጥ ቤቱ ከመኝታው ተነጥሎ በጓሮ በኩል መሆኑ ተገቢ ነው፤ ከሰል የተያያዘበት ማንደጃ ለማሞቂያ ብሎ መኝታ ክፍል ማስገባት ሰው ይገድላል፤ ይህ በቤቱ ደንብ በግልጽ ተጽፏል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግን ከሶኬት መስመር ጋር ተያይዟል። ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል። ሶኬቱ ዳር የጠቆረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ቤቱ ከዘበኛው ሌላ ሁለት ተቀጣሪ አለው፦ አንድ የቤት እናትና አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ። ሁለቱም ቀን ይሠራሉ፤ ሌሊት ያለው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ ግን ሥራው በር መጠበቅ እንጂ በሌሊት ቅዠት የሚነሣን ልጅ ማረጋጋት፣ ተናዶ ልውጣ የሚለውን ማነጋገር፣ የታመመውን ሐኪም ቤት መውሰድ አይደለም። እንዲህ ያሉ ልጆች የሚወጡት ሌሊት ነው፤ የወጣም ልጅ ቶሎ አይመለስም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሳምንት 168 ሰዓት ነው፣ አንድ ሠራተኛ በሕግ የሚሠራው 48 ሰዓት ነው። 168 ለ48 ሲካፈል 3 ተኩል ይመጣል። ምንጊዜም አንድ አዋቂ ብቻ ተረኛ እንዲሆን እንኳ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ዕረፍትና ሕመም ሲጨመርበት አምስት። በእቅዱ ላይ ለተረኛ የታሰበ ክፍል ከመግቢያው አጠገብ፣ ኮሪደሩን በሙሉ በሚያሳይ ቦታ ተሠርቷል። ዛሬ የእህል መጋዘን ሆኗል።

የገንዘብ ምንጩ ሩቅ አይደለም። እድር በየወሩ ይሰበስባል፤ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ ያልከፈለን የሚቀጣበት ደንብ አለው። ለግንባታ አንድ ጊዜ ከፍ ያለ መዋጮ ከመጠየቅ ይልቅ 600 አባል በየወሩ 50 ብር ቢጨምር 30,000 ብር ነው፤ ለሌሊት ተረኞቹ መነሻ ይሆናል። ጭማሪው በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ ደንቡ ውስጥ ይግባ፤ በበጎ ፈቃድ ከተተወ ከፋሲካ በኋላ ይከስማል። እኛ ብንሆን የሦስት ዓመት ደመወዝ ቃል ሳይገባ መሠረት አናስቆፍርም ነበር።

ለማን ነው ቤቱ የሚሆነው? ጎዳና ላይ ያለ ልጅ ሁሉ መኖሪያ ቤት አያስፈልገውም። ዘመድ ያለውን መጀመሪያ ከቤተሰቡ ጋር ማገናኘት ይቀድማል፤ ይህን የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ሳያውቀው ማድረግ አይገባም። ቤቱ የሚቀበለው መመለሻ የሌለውን፣ ወይም ሲመለስ የሚደበደበውን ነው። ልጁ ሲገባ አድራሻውንና ታሪኩን በአንድ ቀን ማስለፍለፍ ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው፤ እዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ምግብ፣ መታጠቢያ፣ ሕክምናና እንቅልፍ ብቻ ነው፤ የምዝገባው ቃለ መጠይቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

18 ዓመት የሞላውን ልጅ ምን እንደሚያደርጉት ስንጠይቅ የሰማነው መልስ ደስ አሰኝቶናል። በግቢው ጓሮ የራሳቸው መግቢያ ያላቸው ሁለት ክፍሎች እየተሠሩ ነው። የገባው ወጣት የራሱን ምግብ ያበስላል፤ በየወሩ ትንሽ ኪራይ ይከፍላል፤ ኪራዩ በስሙ በተከፈተ የቁጠባ ደብተር ይገባና ሲወጣ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጠዋል። ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይም። የነዋሪነት መታወቂያ የማውጣቱ ሥራ ግን ያኔ ሳይሆን ከ17 ዓመቱ ጀምሮ ይጀመር፤ ያለ መታወቂያ ቤት የሚያከራይም፣ የሚቀጥርም የለም፤ የምስክርና የደብዳቤው ምልልስም ወራት ይወስዳል።